የስሜን አሞሮችና የባላገሩ ደጅ

ስለ ስሜን ተራሮች የሚጽፍ ሰው ሁሉ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ካወሳ በኋላ ብዕሩን ማስቀመጥ ለምዷል፤ እንግዳውም ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር በኩል ወደ አምባራስና ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ ሲያልፍ ዓይኑን የሚጥለው በሣሩና በገደሉ አፋፍ ላይ እንጂ ከራሱ በላይ በሚያንዣብቡት ፍጥረታት ላይ አይደለም። ነገር ግን ፀሐይ ወጥታ ግንብ የመሰለውን ገደል ማሞቅ ስትጀምርና ከሥሩ የሚነሣው ሞቃት አየር ሽቅብ ሲወጣ፣ ያን አየር ተጭኖ፣ ክንፉን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያራግብ፣ በሰው ዓይን ትክክል፣ አንዳንዴም ቁልቁል ከሰው እግር በታች የሚያልፈውን ታላቅ ጆፌ አሞራ የተመለከተ ሁሉ፣ ስሜን የአራዊት አገር ብቻ ሳትሆን የአእዋፍም አገር መሆንዋን ይረዳል። የእነዚህ አእዋፍ ነገር ደግሞ በፓርኩ ወሰን ውስጥ ተጀምሮ በዚያው የሚፈጸም አይደለም፤ በደባርቅና በዳባት ከተሞች፣ በየመንደሩ የቅርጫ ሜዳና በየባላገሩ ደጅ የሚያልፍ ረጅም ነገር ነው።

ይህንን ጉዳይ ለአንባቢ ለማስረዳት የአንድ የሐሩር ክልል የሥነ ሕይወት ሊቅን ሥራ መነሻ ማድረግ የሚበጅ ሆኖ አግኝተነዋል። ቻዓን ሸከርጂዮሉ በ1975 በኢስታንቡል ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፤ በሐርቫርድ ተምሮ በስታንፎርድ የዶክትሬት ማዕርጉን ከተቀበለ በኋላ በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ ምርምሩንም በኮስታ ሪካ ደኖች፣ በምሥራቅ ቱርክ ረግረጎችና በአገራችን በኢትዮጵያ ሲያካሂድ ኖሯል። በ2004 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት በዓለም ካሉት የወፍ ዝርያዎች ከመቶ 21 ያህሉ ወደ መጥፋት ያዘነበሉ መሆናቸውን አመለከተ። የጥናቱ ፍሬ ነገር ግን ከቁጥሩ ይልቅ ከቁጥሩ በስተጀርባ ባለው አሳብ ላይ ነበረ፤ ይኸውም አንድ የወፍ ዝርያ ከምድረ ገጽ ፈጽሞ ሳይጠፋ፣ ቁጥሩ ብቻ ተመናምኖ አበባ ማዳቀሉን፣ ዘር መበተኑን፣ ተባይ መልቀሙን ወይም ጥምብ ማንሣቱን በቀድሞው መጠን መፈጸም ሲሳነው፣ ለተፈጥሮ ሥርዓት እንደ ሞተ ይቈጠራል ማለት ነው። ስለዚህ የወፍ ጠባቂ «ስንት ቀሩ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «የቀሩት ሥራቸውን ይሠራሉን?» ብሎም ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህ ጥያቄ እንደ ስሜን ላለ አገር የተገባ ነው፤ ለምን እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

ስሜን ከዚህ ሊቅ በፊት ሌሎች የአእዋፍ ተመራማሪዎችን አስተናግዳለች። እንግሊዛዊው ሔንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሰብስቦ ከወሰዳቸው ወፎች አንዷ በ1814 በሳይንስ ስም ስትሰየም፣ የወጣላት ስም የስሜንን ተራሮች በምሥራቅና በሰሜን ዞሮ የሚወርደው የተከዜ ወንዝ ስም ነበረ። ይህች የአበባ ማር ቀሳሚ ወፍ ናት፤ ወንዱ በጥላ ሲቀመጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ላባው ሐምራዊ ሆኖ ያንጸባርቃል። ከሶልት በኋላ በ1830ዎቹ መጀመሪያ የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ ስሜንን አቋርጦ ወደ ጐንደር ወረደ። የዚህ ሰው ጕዞ ለኢትዮጵያ ሥነ ፍጥረት ጥናት ያስገኘውን ያህል ፍሬ ያፈራ ሌላ ጕዞ መጥቀስ ያስቸግራል። ዋልያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እርሱ ነው፤ ከአእዋፍም ወገን መንቁረ ወፍራሙን ቁራ፣ በአንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላትን የገደል ርግብ፣ ነጭ መንቁር ያላትን ጥቁር ወፍና ከጉሮሮዋ ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልባትን፣ መንቁረ ቆልማማዋን ጯኺ ወፍ ከ1836 እስከ 1837 ባሉት ዓመታት በስም መዘገበ። እነዚህ አራቱም ዛሬ በስሜን ገደሎች ይታያሉ፤ ርግቧም ከስሜን አልፋ በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ግንብ ላይ ጎጆዋን ትሠራለች። ከእርሱ ቀጥሎ ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኰንኖች ትግሬን፣ ስሜንንና አማራን ዞሩ፤ ከእነርሱም የአንዱ የጋሊኒዬ ስም በ1843 ለአንዲት አመድማ የጫካ ወፍ ተሰጠ። ስለዚህች ወፍ የምንለው አለን።

የቀደሙት ሊቃውንት ወፉን ተኵሰው፣ ቆዳውን ገፍፈው፣ በጥጥ ሞልተው ወደ አውሮፓ ቤተ መዘክር ይልኩት ነበር፤ የሚሹትም ስሙንና መልኩን ማወቅ ነበረ። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ግን «ይህ ወፍ ከየት መጣ? ዘመዱስ ማን ነው?» ወደሚለው ወደ ዝግመተ ለውጥ ጥያቄ ተሻገረ። ለዚህ ጥያቄ ስሜን የተመቸ ስፍራ ነው። ተራራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዓለት ተነባብሮ የተሠራ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ዝናብና ወንዝ እየሸረሸሩት ዛሬ የሚታየው ገደል ወጣለት፤ ራስ ደጀንም 4,543 ሜትር ከፍታ ይዞ በላዩ ቆመ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው የአፍሪካ መሬት አብዛኛው በኢትዮጵያ የሚገኝ ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ግን ሞቃት ቆላ ነው። ለብርድ የተፈጠረ ወፍ ይህን ቆላ መሻገር ስለሚቸግረው፣ ደጋው በባሕር መካከል እንደ ቆመ ደሴት ይሆንበታል። በደሴት ላይ የቀረ ፍጥረት ከዘመዶቹ ተለይቶ ብዙ ሺህ ትውልድ ሲዋለድ ቀስ በቀስ መልኩም፣ ድምፁም፣ ጠባዩም ይለወጣል። በኢትዮጵያ ከተመዘገቡት ከ850 በላይ ከሚሆኑት የወፍ ዝርያዎች መካከል በዚህች ምድር ብቻ የሚገኙት፣ ወይም ከኤርትራ በቀር ጎረቤት የማይጋራቸው፣ በአብዛኛው በደጋው የሚኖሩ መሆናቸው ስለዚህ ነው።

የጋሊኒዬን ስም የተሸከመችው አመድማ ወፍ ለዚህ ማስረጃ ትሆናለች። በጽድና በኮሶ ዛፍ፣ በአስታ ቍጥቋጦም ውስጥ ተሸሽጋ ትኖራለች፤ ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ የሚያዜሙት ዜማ በጧት ከሩቅ ይሰማል። ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ዘመዷን ሲፈልጉ ኖረው አንዳንዱ ከዚህ፣ አንዳንዱ ከዚያ ወገን ሲመድባት ቆየ። በኋላ ግን የዘር ውርስን በዲኤንኤ መመርመር ሲቻል፣ የቅርብ ዘመዷ የሆነችው ወፍ በደቡብ አፍሪካ ደጋማ ደኖች የምትኖር ሆና ተገኘች። በሁለቱ መካከል በሺዎች የሚቈጠር ኪሎ ሜትር አለ። አስተዋይ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ማን አገናኛቸው?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ በጥንቱ የአየር ጠባይ ውስጥ ይፈለጋል፤ ምድር በቀዘቀዘችባቸው ዘመናት፣ የስሜን ጫፍ በበረዶ ግግር በተሸፈነባቸው ጊዜያት፣ የደጋው ዛፍ ወደ ታች ወርዶ ከተራራ ወደ ተራራ መሻገሪያ ይሠራ ነበር፤ ምድር መልሳ ስትሞቅ ደግሞ መሻገሪያው ተቈረጠና ወፎቹ በየደሴታቸው ቀሩ። መንቁረ ወፍራሙ ቁራም እንዲሁ ነው፤ ወንድሙ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ተራሮች የሚኖረው ባለ ነጭ ማጅራት ቁራ ነው። ኖኅ ከመርከብ የሰደደው፣ ኤልያስን በምድረ በዳ የመገበው የቁራ ወገን በዓለም ሁሉ ተሰራጭቶ ሲኖር፣ ከወገኑ ሁሉ በግዝፈት ከሚያንሱት ሳይሆን ከሚበልጡት አንዱ የእኛው የደጋ ቁራ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ይህ ቁራ በአምባራስ ዙሪያ የከብት ግጦሽ ላይ ሲውል ለአፍታ ቆሞ ያየው ሰው፣ ያን እንደ ጕጠት የከበደ መንቁር ምን እንደሚሠራበት ይገነዘባል፤ የደረቀ እበት ላይ ቆሞ ራሱን ወደ ጎንና ወደ ጎን እያወዛወዘ እበቱን ይበትንና ከሥሩ የተሸሸገውን የጢንዚዛ ትል ለቅሞ ይበላል።

ከስሜን አእዋፍ ሁሉ ግን ይህ ጸሐፊ አብልጦ የሚያደንቀው ጢማሙን ጆፌ አሞራ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ ክብደቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ7 ኪሎ አይበልጥም። ሌሎቹ ጥንብ አንሶች ራሳቸውንና አንገታቸውን በበድን ውስጥ እየነከሩ ስለሚበሉ ራሳቸው መላጣ ነው፤ ጆፌው ግን ራሱ በላባ የተሸፈነ፣ ከመንቁሩም ሥር እንደ ጢም የሚወርድ ጥቁር ጸጕር ያለው ነው። የዘር ውርስ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ጆፌውና ነጩ የግብጽ ጥንብ አንሳ እርስ በርሳቸው የቅርብ ዘመዶች ሲሆኑ ከሌሎቹ የአሮጌው ዓለም ጥንብ አንሶች በጥንት ዘመን የተለዩ ናቸው፤ የአሜሪካዎቹ ጥንብ አንሶችማ በሥራቸው ይምሰሉ እንጂ የሌላ ቤት ልጆች ናቸው። አንድ ዓይነት ሥራ ሁለት የማይዛመዱ ፍጥረታትን አንድ ዓይነት መልክ ሲያሲዝ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

የጆፌው ምግብ አጥንት ነው። ከሚበላው ከመቶ 70 እስከ 90 የሚሆነው አጥንትና መቅኔ መሆኑን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ትናንሹን አጥንት እንዳለ ይውጠዋል፤ ትልቁን ግን በእግሩ ጨብጦ ከ50 እስከ 150 ሜትር ከፍ ይልና ገላጣ ዓለት መርጦ ይለቀዋል፤ ካልተሰበረም ወርዶ አንሥቶ ይደግመዋል፤ ይሠልሰዋል። ለዚህ የሚመርጠውን ዓለት እንደ ዐውድማ ስለሚመላለስበት፣ በዙሪያው የተሰባበረ አጥንት ተበትኖ ይገኛል። በሆዱ ያለው አሲድ እጅግ ብርቱ በመሆኑ የዋጠው አጥንት በአንድ ቀን ያህል ጊዜ ይሟሟል። እኛ ከቅልጥሙ መቅኔውን መጥጠን የጣልነው ውሻም አላምጦ የተወው ለእርሱ ሙሉ ማዕድ ነው። የደረቱ ላባ በተፈጥሮው ነጭ ሆኖ ሳለ ብዙውን ጊዜ እንደ ዝገት የቀላ ሆኖ የሚታየውም፣ የብረት ዝገት ያለበትን ጭቃ እየፈለገ ስለሚታጠብበት ነው፤ ለምን እንደዚህ እንደሚያደርግ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ጎጆውን በማይደረስበት የገደል ዋሻ ይሠራል፤ አንድ ወይም ሁለት እንቍላል ይጥላል፤ የሚያሳድገው ግን አንድ ጫጩት ብቻ ነው፤ ጫጩቱም ራሱ ወላጅ ለመሆን ብዙ ዓመት ይቈያል። ይህን የመራባት ዝግታ አንባቢ ልብ ይበልልን።

አበባ ማዳቀልም የአእዋፍ ሥራ ነውና፣ ጅባራውን ሳንጠቅስ ብናልፍ ደግሞ ተራራው ይታዘበናል። ይህ ከሰው ቁመት እጅግ አልፎ የሚበቅል የደጋ ተክል ለብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይቈይና፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ረጅም የአበባ ዘንግ አውጥቶ፣ ፍሬውን አፍርቶ ይሞታል። አበባው ሲፈነዳ የተከዜን ስም የያዘችው ማር ቀሳሚ ወፍ በዘንጉ ላይ እየተንጠለጠለች ትቀስማለች፤ ግንባሯም በአበባው ዱቄት ይቀባና ዱቄቱ ከአንዱ ጅባራ ወደ ሌላው ይሻገራል።

አሁን ወደ ባላገሩ ደጅ እንመለስ። ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው በስሜን ጆፌን፣ የሩፔልን ስም የያዘውን ታላቅ ጥንብ አንሳና ሌሎቹንም በብዛት ሲያይ፣ «ይህ ሁሉ አሞራ የሚኖረው ዋልያና ጭላዳ እየሞቱለት ነውን?» ብሎ ይደነቅ ይሆናል። አይደለም። አሞሮቻችንን የሚመግበው በዋነኛው የሰው ከብት ነው። በገደል የወደቀው በሬ፣ በድርቅ የሞተው አህያ፣ በየበዓሉ በቅርጫ ከታረደው ሰንጋ የሚተርፈው አጥንትና ፈርስ፣ በየከተማው ቄራ ዳር የሚጣለው ሁሉ የእነርሱ ቀለብ ነው። በአፍሪካ ከሚኖሩት ጆፌዎች የሚበዙት በኢትዮጵያ መሆናቸው ባጋጣሚ የሆነ ሳይሆን፣ ገደልና የከብት ሀብት ጎን ለጎን የሚገኙባት ምድር ይህች በመሆንዋ ነው። እንዲያውም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሳይቀር በዱር ፍጥረት ማዕድ ላይ ምልክቱን ያሳርፋል፤ በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው በ2012 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሕዝቡ 55 ቀን የዐቢይ ጾምን ይዞ እርድ ሲያቆም፣ ከየቤቱ የሚጣል ትራፊ ስለሚያጣ ጅብ ወደ አህያ አደን ይመለሳል። በጾሙ ወራት አሞራውም በሞተ ከብት ላይ የባሰውን ሳይደገፍ አይቀርም፤ ይህንን አንድ የኢትዮጵያ ተማሪ ቢመረምረው መልካም የምርምር ርእስ ይወጣዋል።

ይህ ዝምድና ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ሕንድ አሳይታናለች። በ1990ዎቹ በሕንድ የነበሩት ሦስት ዓይነት ጥንብ አንሶች፣ ቀድሞ በሚሊዮን ይቈጠሩ የነበሩት፣ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ እንደ ቅጠል ረገፉ፤ ከአንዳንዱ ዝርያ ከመቶ 99 በላይ ጠፋ። ምክንያቱ በ2004 ሲታወቅ፣ ዲክሎፌናክ የተባለ ለከብት የሚሰጥ ሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒቱን ወስዳ የሞተችን ላም የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ይጠፋና ይሞታል። ጥምቡ ሜዳ ላይ ሲቀር ውሾች በዙ፤ የእብድ ውሻ በሽታም ተስፋፋ፤ ውኃውም ተበከለ። በ2024 የታተመ የምጣኔ ሀብት ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በአሞሮቹ መጥፋት ምክንያት ተጨማሪ 500,000 ያህል ሰዎች መሞታቸውን ገምቷል። ሸከርጂዮሉ በ2004 «ሥራውን የማይሠራ ወፍ ለተፈጥሮ ሞቷል» ወደሚለው አሳብ ሲደርስ ይህን መሰሉ ጥፋት በዓለም እየታየ ነበር። በአፍሪካም ነገሩ ያማረ አይደለም፤ በ2015 ይፋ የሆነ የአህጉሩ ጥናት ስምንት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች በሦስት ዐሥርት ዓመታት በአማካይ ከመቶ 62 ያህል መቀነሳቸውን፣ ከሚታወቀውም የሞት ምክንያት ከመቶ 61 የሚሆነው መርዝ መሆኑን ገለጸ። የሩፔልን ስም የያዘው ጥንብ አንሳ፣ በ1973 በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ከ11,000 ሜትር በላይ ሲበር ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው የአእዋፍ ሁሉ ከፍተኛ በራሪ፣ ዛሬ እጅግ አስጊ በሆነ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከል ተመዝግቧል።

ሸከርጂዮሉና ደቀ መዝሙሩ ኢቫን ቢክሊ በአገራችን የሠሩትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በአፋር በረሃና በሌሎች አገሮች የግብጽን ጥንብ አንሳ እየያዙ፣ በጀርባው ላይ በሳተላይት የሚከታተሉትን አነስተኛ መሣሪያ አስረው ለቀቁ፤ ከሌሎች አገሮች ተመራማሪዎችም ጋር ተባብረው በ2018 ባሳተሙት ጥናት የ45 ወፎችን ጕዞ በሦስት አህጉሮች ተከትለው፣ ባብ ኤል መንደብንና ሱዌዝን የመሰሉ ጠባብ በሮች ለእነዚህ ተጓዦች ምን ያህል ወሳኝ እንደ ሆኑ አሳዩ። በ2022 ደግሞ ቢክሊና ባልደረቦቹ በአፍሪካ ቀንድ ለጥንብ አንሶች ቅድሚያ የሚያሻቸውን ስፍራዎች ለይተው ሲያወጡ፣ አብዛኞቹ ከተከለሉት ፓርኮች ውጭ ሆነው ተገኙ። በሌላ በኩል ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ጋር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለውን ቡና መርምረው በ2015 ባወጡት ጥናት፣ በቡናው ውስጥ በአቅራቢያው ካለው ደን ከእጥፍ በላይ የሆኑ የወፍ ዝርያዎች ተገኝተዋል፤ በጥቅጥቅ ደን ሥር ተሸሽገው ትል የሚለቅሙት ግን በቡናው ውስጥ ያነሱ ነበሩ። ቡናው ደኑን አይተካውም፤ ቢሆንም ገበሬው ዛፉን እስካልቈረጠ ድረስ ለወፍ የሚተርፍ ብዙ ነገር ይቀራል።

እነዚህን ጥናቶች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ወደ አንድ ፍርድ ይደርሳል፤ የስሜን አሞራ ጥበቃ የሚወሰነው በፓርኩ በር ላይ ሳይሆን ከበሩ ውጭ ነው። ይህን ስንል የፓርኩን ድካም ለማሳነስ አይደለም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገብቶ፣ ከብዙ ጥረት በኋላ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። በመካከሉ ወሰኑ ሰፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎችም በ2016 ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወርደዋል፤ ለሣሩና ለጓሳው ዕረፍት ሲባል የተከፈለው ዋጋ በአብዛኛው የእነዚህ ሰዎች መሆኑን መዘንጋት ግፍ ይሆናል። በ2019 በተነሣው ቃጠሎ ጓሳውና አስታው ሲነድ እሳቱን ለማጥፋት የአካባቢው ሕዝብ ነበር ቀድሞ የደረሰው። ነገር ግን 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ለዋልያ አገር ሲሆን ለአንድ ጆፌ የጧት ጕዞ እንኳ አይበቃም፤ ጎጆው በፓርኩ ገደል ውስጥ ቢሆን፣ ምሳው በዳባት አፋፍ ወይም በሌላ ወረዳ ሜዳ ላይ ሊሆን ይችላል።

የአየር ጠባይ መለወጥም ከበሩ ውጭ የሚመጣ ነገር ነው። ሸከርጂዮሉ በ2008 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ስሌት፣ ምድር በዚህ ክፍለ ዘመን 2.8 ዲግሪ ብትሞቅ ከ400 እስከ 550 የሚሆኑ የየብስ አእዋፍ ዝርያዎች ሊጠፉ እንደሚችሉ ገምቷል፤ ከሁሉ የሚጐዱትም በተራራ የሚኖሩት ናቸው፤ ሙቀቱን ሸሽተው ወደ ላይ ሲወጡ ተራራው ያልቅባቸዋልና። በ1976 በአንኮበር ተገኝታ በ1979 ስም የወጣላት፣ በኋላም በስሜን የታየችው ትንሿ ፍሬ ለቃሚ ወፍ ከዚህ አደጋ ፊት ከቆሙት አንዷ ናት። ይህን ደባርቅ ብቻዋን ልታግደው አትችልም።

መርዙን ግን ማገድ ትችላለች። በጎቹን የበላበትን ጅብ ለመበቀል በበድን ላይ መርዝ የሚነሰንስ ባላገር፣ በየከተማውም ባለቤት የሌለውን ውሻ ለማጥፋት በሥጋ ውስጥ ስትሪክኒን የሚጥል ሰው፣ ክፉ አሳብ ይዞ አይደለም፤ አንደኛው ከብቱን፣ ሁለተኛው ልጆቹን ለማዳን ነው። ነገር ግን ውሻው ሜዳ ላይ ሞቶ ሲቀር በእርሱ ላይ የሚወርዱት አሞሮች ናቸው፤ ጥንብ አንሳ ደግሞ በማኅበር የሚበላ ፍጥረት በመሆኑ አንድ የተመረዘ በድን በአንድ ቀን ብዙዎችን ሊፈጅ ይችላል። በዓመት ከአንድ ጫጩት በላይ የማያሳድግ ወፍ ይህን ጕዳት መልሶ ለመሙላት ዕድሜ አይበቃውም። የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ገጠሩ በሰፊው በሚዘረጋበት በዚህ ጊዜም፣ ምሰሶዎቹ ሲተከሉ ሽቦዎቹ ከትልቅ ክንፍ እንዲርቁ ወይም እንዲሸፈኑ ማድረግ በወጪ ረገድ ጥቂት ነው፤ ኋላ ከማረም ቀድሞ ማሰብ ይረክሳል። የከብት ሐኪሞችም ዲክሎፌናክን ለከብት ከመስጠት ይልቅ ሜሎክሲካም የተባለውን፣ ለአሞራ የማይጐዳ ሆኖ የተገኘውን መድኃኒት ቢመርጡ ለሕንድ የደረሰው ለእኛ አይደርስም።

ስለዚህ የደባርቅና የዳባት ከተማ ሹማምንት፣ የየአጥቢያው ካህናትና የየትምህርት ቤቱ መምህራን ይህን ነገር ለሕዝባችሁ እንድትነግሩ እንለምናለን፤ ውሻ ወይም ጅብ በመርዝ የገደለ ማንኛውም ሰው በድኑን ለአሞራ ሳይተው በዚያው ቀን አቃጥሎ ወይም በጥልቅ ጕድጓድ ቀብሮ ይግባ።